ያረጀ ጉልበት በመርፌ ይታደሳልን?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን የተነሳው አንድ አድማጫችን ከላከልን ጥያቄ ነው። ጠያቂው ከወላይታ ሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖር ወንድም ነው። እናቱ ስልሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ያማቸዋል፤ ጠዋት ሲነሱ ይደርቅባቸዋል፤ ሱጁድ ከወረዱ ሰው ካልደገፋቸው አይነሱም። ሐኪም አይቷቸው የመገጣጠሚያ መበላት ነው ብሏቸዋል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በስልክ አንድ ማስታወቂያ ላከለት። ከራስ ደም በሚዘጋጅ መርፌ፣ ወይም ስቴም ሴል በሚባለው ሕክምና፣ ያለቀው ጉልበት መልሶ ይበቅላል የሚል ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሬውን ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ፣ እናትን ለማሳከም መከረ። ወንድማችን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሕክምናው ሐላል ነው ወይ? ሳናሳክማቸው ብንቀርስ በወላጅ ሐቅ አላህ ዘንድ እንጠየቃለን ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የሕክምናው ዓይነት በጥቅሉ ሐላል ነው፤ በሬው ግን አይሸጥ። ምክንያቱን እናየዋለን ኢንሻአላህ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናውን ነገር የማቀርብላችሁ ያጠኑት ሰዎች መርምረው ካወጡት ነው።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። ጉልበት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ልባስ ተሸፍኗል። አላህ ይህን ልባስ ያለ ደም ሥር ነው የፈጠረው። ቆዳ ሲቆረጥ ደም ፈስሶ፣ ረግቶ፣ ጠባሳ ሠርቶ ይድናል፤ ይህ ልባስ ግን ደም ስለማይደርሰው አንዴ ከተበላ በራሱ አይተካም። ዊሊያም ሀንተር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ይህን ነገር እ.ኤ.አ በ1743 ጽፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ሲታገሉት ኖረዋል። በሽታው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2020 በዓለም ላይ 595 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ የመገጣጠሚያ በሽታ ይሠቃዩ እንደነበር ተገምቷል፤ ከመገጣጠሚያዎችም በብዛት የሚጠቃው ጉልበት ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ጉዳት፣ ለዓመታት ከባድ ሸክም መሸከምና ቁጢጥ ብሎ መሥራት ያባብሱታል። የወላይታ እናቶችን ሕይወት ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከገደል ሥር ውሃ በጀርባቸው ያወጡ፣ እንሰት ሲፍቁ የኖሩ፣ ከዳሞታ ግርጌ እስከ ሶዶ ገበያ ተሸክመው የተመላለሱ እናቶች ናቸው። ያ ጉልበት ያሳደገው እኛን ነው።

ወደ ሐዲሡ እንምጣ። ኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ ገጠሬ ዐረቦች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው መታከም እንዳለባቸው ጠየቁ። እርሳቸውም እንዲታከሙ አዘዟቸው፤ አላህ መድኃኒት ያላበጀለት በሽታ እንደሌለም ነገሯቸው። ከዚህ የለዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እርጅና ነው።

በዚህ ሐዲሥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንዳንዱ እናቱ ጉልበቴን ባሉት ቁጥር «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፋል። ይህ ሰው የሐዲሡን መጨረሻ ይዞ መጀመሪያውን ጥሏል። የጉልበት ሕመም በሽታ ነው፤ ሊታከም፣ ሊቀልል ይችላል። ሌላው ደግሞ መጀመሪያውን ይዞ መጨረሻውን ይጥላል፤ የሰባ ዓመት ጉልበት ወደ ሃያ ዓመት እንዲመለስለት ይፈልጋል። አላህ በሱረቱ ሩም ሰውን ከድክመት ወደ ብርታት፣ ከብርታት ደግሞ ወደ ድክመትና ሽበት እንደሚወስደው ነግሮናል። ነጋዴው የሚያጠምደው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው።

አሁን ወደ መርፌው እንሂድ። መልሶ የማሳደግ ሕክምና በሚል ስም የሚጠሩት ነገሮች ብዙ ናቸው። አንደኛው ከታማሚው ክንድ ደም ተቀድቶ በሚሽከረከር መሣሪያ ይለያል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ ደምን የሚያረጉት ክፍሎች የበዙበት ፈሳሽ ተወስዶ ጉልበት ውስጥ ይወጋል። ሁለተኛው ስቴም ሴል የሚባለው ነው፤ ከመቅኔ፣ ከሰውነት ስብ ወይም ከእትብት የሚወሰድ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ሦስተኛው ከታማሚው ጤነኛ ካርቲሌጅ ትንሽ ቆርጦ፣ ሕዋሱን በላቦራቶሪ አባዝቶ መልሶ መትከል ነው። ይህን የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ1994 በ23 ታማሚዎች ላይ ሠርተው ውጤቱን አሳትመዋል፤ እውነተኛ ሕክምና ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የተሠራው በአደጋ ወይም በስፖርት ትንሽ ቦታ ለተጎዳባቸው፣ በአብዛኛው ወጣት ለሆኑ ሰዎች ነው። ዙሪያውን ላለቀ የሽማግሌ ጉልበት አይደለም። ማስታወቂያው የወጣቱን ውጤት አሳይቶ ለአዛውንቱ ይሸጣል።

በደም መርፌው ላይ አውስትራሊያ ውስጥ ትልቅ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2021 ወጥቷል። ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑ 288 የጉልበት ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከራሳቸው ደም የተዘጋጀውን ሦስት ጊዜ ተወጉ፤ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተወጉ። ማን ምን እንደተወጋ ታማሚዎቹ አያውቁም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ በሕመሙም ሆነ በካርቲሌጁ መጠን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የጨው ውሃ የተወጉትም ብዙዎቹ «ተሻለኝ» ብለዋል። ስለዚህ አንድ ጎረቤት «እኔ ተወግቼ ተሻለኝ» ቢላችሁ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ግን ማስረጃም አይሆንም። ሕመም ቀነሰ ብለው የጻፉ ሌሎች ጥናቶችም አሉ፤ ሐኪሞቹ እስካሁን ይከራከራሉ። ሕመም መቀነስ ሌላ ነው፣ ያለቀ ልባስ መብቀል ሌላ ነው። ማስታወቂያው ሁለቱን ይቀላቅላል።

ስቴም ሴሉም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከ470 በላይ ታማሚዎችን የያዘ ጥናት ወጣ። ከመቅኔ፣ ከስብና ከእትብት የተወሰዱት ሦስቱም ዓይነቶች ከተለመደውና ርካሽ ከሆነው የኮርቲዞን መርፌ ጋር ተወዳደሩ። በዓመቱ መጨረሻ አንዳቸውም ከኮርቲዞኑ አልበለጡም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ በ2012 ከእትብት ደም የተዘጋጀ አንድ መድኃኒት ለጉልበት ካርቲሌጅ ፈቅዳለች፤ በመርፌ የሚወጋ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና የሚገባ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ለመገጣጠሚያ መበላት አንድም የስቴም ሴል ምርት አልፈቀደም። በዚያው አገር እ.ኤ.አ በ2018 ከእትብት ደም ተዘጋጀ የተባለ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ምርቱ በካይ ነገር ነበረበት። ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው በሚባልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በስልክ መልእክት ብቻ የምናውቀው ክሊኒክ ምን ዋስትና ይሰጠናል?

ምርምሩ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ሙስሊም ተመራማሪ ቢገባበት ደስ ይለኛል፤ ነገ አላህ በር ሊከፍት ይችላል። እያልኩ ያለሁት ገና በምርምር ላይ ያለን ነገር እንዳለቀ ዕቃ ገበያ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው ነው።

ወደ ሸሪዓው ብይን እንመለስ። የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በመካ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2003 ባደረገው 17ኛ ስብሰባ ይህን ጉዳይ ተመልክቶታል። ከራስ ሰውነት የተወሰደ፣ ፈቃደኛ ከሆነ አዋቂ ያለ ጉዳት የተወሰደ፣ ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ የተገኘ ሕዋስ ለሕክምና ቢውል ይፈቀዳል። ያለ በቂ ምክንያት ሆን ተብሎ ከተጨነገፈ ፅንስ መውሰድ ግን አይፈቀድም። «ደም ነጃሳ ነው፣ እንዴት መልሶ ይወጋል?» የሚሉ አሉ። በዘመናችን ያሉ ዑለማኦች ለሕክምና ደም መስጠትንና መቀበልን ፈቅደዋል፤ የራስን ደም መልሶ መቀበል ከዚያ የቀለለ ነው።

ሰው የማይጠይቀው፣ መጠየቅ ግን ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ሕዋሱ በምን ላይ ተቀምጦ ነው የሚተከለው? እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ የተፈቀደው የካርቲሌጅ ሕዋስ ተከላ የሚሠራው ከአሳማ ኮላጅን በተዘጋጀ ስስ ጨርቅ ላይ ነው። በየፋርማሲው ለመገጣጠሚያ የሚሸጡት እንክብሎችም ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ ግሉኮሳሚን የሚባለው በብዛት ከሽሪምፕ ቅርፊት ይወጣል፣ ኮንድሮይቲን ደግሞ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሻርክ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ባሕርይው ፈጽሞ ሲለወጥ ብይኑ ይለወጣል ወይ በሚለው ዑለማኦች ተለያይተዋል፤ ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ሰፋ ያደርጉታል፣ ሻፊዒዮች ያጠብቁታል። ሌላ አማራጭ ካለ ወደ እርሱ መሄድ ነው። ለነገሩ ሁለቱ እንክብሎች እ.ኤ.አ በ2006 ከ1500 በሚበልጡ ታማሚዎች ላይ ተፈትነው በጥቅሉ ከባዶ እንክብል የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ገንዘባችሁን አትርፉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የወላጅ ሐቅ ነው። ልጆቹ እናታቸውን ለማሳከም መጨነቃቸው ራሱ ዒባዳ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን የወላጅ ሐቅ ማለት በጣም ውድ የሆነውን ነገር መግዛት አይደለም። የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1992 በጅዳ ባወጣው ውሳኔ፣ ባለመታከም ነፍስ ወይም አካል የሚጠፋ፣ ወይም በሽታው ወደ ሌላው የሚተላለፍ ከሆነ መታከም ግዴታ ይሆናል ብሏል፤ ከዚያ በታች ያለው የተወደደ ወይም የተፈቀደ ነው። ጥቅሙ ያልተረጋገጠን ሕክምና ያላሳከመ ልጅ በዚህ አይጠየቅም። በሬው ተሸጦ የልጅ ልጆቹ ማረሻ ቢያጡ፣ ወይም ብድሩ ወለድ ያለበት ቢሆን ግን ያ ያስጠይቃል። ወላይታ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ መሬት ስንት ጥማድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ደግሞም እናትን ጠይቋቸው እስቲ! በሬው እንዲሸጥ ይፈልጋሉ? ብዙ ጊዜ ልጆች ተሰብስበው ሲመክሩ ባለቤቷ አልተጠየቀችም።

የሻጩም ነገር አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምንነቱ ያልታወቀ፣ መድረሱ ያልተረጋገጠ ነገር መሸጥን፣ ማለትም ገረርን ከልክለዋል። ገበያ ውስጥ ከላይ ደረቅ ከታች እርጥብ እህል የሚሸጠውን ሰውዬም አታላይ ከእኛ ወገን እንዳልሆነ ነግረውታል። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ ደግሞ በሕክምና ዕውቀት ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ አስተምረዋል። «ይበቅላል» ብሎ ማለ፣ ገንዘብ ተቀበለ፣ አልበቀለም። ይህ ገንዘብ ምን ገንዘብ ነው? ሻጩ ሙስሊም ቢሆን፣ ክሊኒኩን በዐረብኛ ስም ቢጠራው፣ የነብዩ ሕክምና ነው ቢል ብይኑን አይለውጠውም።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ይጠይቅ፦ የሚወጋኝ ነገር ከምን የተሠራ ነው? ከውጭ የገባ ምርት ከሆነ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? የሚወጋኝ ሰው የአጥንት ስፔሻሊስት ነው? በእኔ ዕድሜና በእኔ ራጅ ልክ ለሆነ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል? ባይጠቅመኝስ? መልሱን በጽሑፍ ስጠኝ ሲባል የሚቆጣ ሐኪም ካለ፣ ቁጣው መልስ ነው።

ታዲያ ለእናታችን ምን ይደረግ? ብዙ ነገር አለ። ሚስጥራዊ አይደለም፣ ውድም አይደለም፤ ማስታወቂያ የማይሠራለትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የጭኑን የፊት ጡንቻ ማጠንከር አንደኛው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ዘርግተው አምስት ድረስ ቆጥረው ይመልሱት፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ በየቀኑ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያማል፣ ይለመዳል፤ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ አብሯቸው የሚቆጥር የልጅ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ክብደት ያለው ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ የአራት ኪሎ ያህል ጫና ይወርዳል። ምርኩዝ ደግሞ ሰዎች በሚያመው እግር በኩል ይይዙታል፤ ትክክሉ ባልታመመው በኩል መያዝ ነው። ምርኩዝ መያዝ የሚያፍሩ አዛውንቶች አሉ። ሙሳ (ዐ.ሰ) በበትራቸው እንደሚደገፉ ለጌታቸው ነግረዋል፤ ነብይ ያላፈሩበትን እኛ ለምን እናፍራለን?

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ዲክሎፌናክ ከሱቅና ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዙ ለወራት የሚውጡ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል። የሚቀባው ዓይነት ለጉልበት ከሚዋጠው የተሻለ ደኅንነት አለው። ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ ግን ወጌሻም ሒጃማም አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

እዚሁ ሶዶ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ቀድሞ ኦቶና የምንለው ነው። እ.ኤ.አ በ2005 የተከፈተው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም በአጥንት ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው፤ የመገጣጠሚያ ቅየራም ተሠርቶበታል። በስሙ ምክንያት የሚያመነታ ሙስሊም አጋጥሞኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ ሙስሊም አልነበረም፤ ዕውቀቱንና ታማኝነቱን አይተው ነፍሳቸውን በእርሱ ላይ ጣሉ። ዑለማኦች በዚህ ተመርኩዘው ሙስሊም ባልሆነ ታማኝ ሐኪም መታከምን ፈቅደዋል።

ጉልበቱ ፈጽሞ ላለቀና በሌላው ነገር ላልተሻለው ሰው የተፈተነው ሕክምና ይኸው ቅየራ ነው። ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ የምንጩ ጥያቄ ብዙም አይነሳም። እ.ኤ.አ በ2019 በወጣ ጥናት ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ አሥር ጉልበቶች ስምንቱ ያህል ሃያ አምስት ዓመት እንደሚያገለግሉ ተገምቷል፤ ቁጥሩ የተገኘው ግን ከበለጸጉ አገሮች መዝገብ ነው። ቀዶ ሕክምና ነውና አደጋም አለው፤ ከዚያ በኋላ ተንበርክኮ መስገድ ለብዙዎች ይከብዳል። ቤተሰቡ ገንዘብ ማውጣቱ ካልቀረ ግን፣ የጨው ውሃን ላልበለጠ መርፌ ከሚሆን ለዚህ ይቀመጥ፤ እርሱም ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ ነው።

በወላይታ ቀድሞ ያየነው ነገር አለ። ከቀይ አፈር የሚመጣውን የእግር እብጠት ሕዝቡ እርግማን ይለው ነበር፤ ታማሚው ከሰው ይገለል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ከአፈሩ እንደሚመጣ አስረዳ። መከላከያው ምን ሆነ? ጫማና በሳሙና መታጠብ! ስንቱ ለጠንቋይና ለመድኃኒት አዋቂ ከብቱን ከነዳ በኋላ።

አሁን ስለ ሶላት። ጠያቂው በግልጽ አልጠየቀም፣ ግን የእናትየው ትልቁ ጭንቀት ይህ ይመስለኛል። ሱጁድ ስላቃታቸው ሶላታቸው የጎደለ የሚመስላቸው ብዙ አዛውንቶች አሉ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው ሲጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። መቆም ችሎ ሱጁድ መውረድ የማይችል ሰው በሻፊዒዮች ዘንድ ቆሞ ተክቢራ ያደርጋል፣ ቆሞ ይቀራል፣ ሩኩዕ ከቻለም ቆሞ ያደርጋል፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሱጁድ ጎንበስ ይላል። ሩኩዑም በመቀመጥ ከሆነ ለሱጁድ ከሩኩዑ ዝቅ ያለ ያድርገው። ፊት ለፊት ጠረጴዛ አቁሞ ግንባርን ማስነካት አያስፈልግም። በወንበር መስገድ የሚችሉትን መተው አይደለም፤ የማይችሉትን ብቻ መተው ነው። ዛሬ ካልቻሉት ነገ ከቻሉት ይመለሱበት፤ ከዚያ የእግር ልምምድ በኋላ የተመለሱ አሉ።

በመስጊድ የወንበር ነገር ሰው ያጨቃጭቃል። ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው ወገቡ ከሰልፉ ጋር እኩል ይሁን፤ ቆሞ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ቆሞ ሳለ ከሰልፉ ጋር ይተካከል፣ ወንበሩ ከኋላው ያለውን ሰጋጅ እንዳያጣብብ በሰልፉ ጠርዝ በኩል ይቀመጥ። የመስጊድ ኮሚቴዎች ጥቂት ጠንካራ፣ የማይንሸራተቱ ወንበሮችን፣ በውዱእ ቦታ ደግሞ መቀመጫና የግድግዳ መያዣ ያዘጋጁ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ ብለው ውዱእ የሚያደርጉ ሽማግሌን ማየት ያሳዝናል። በሴቶቹም በኩል እንዲሁ ይሁን፤ እዚያ ወንበር ጭራሽ የሚረሳ ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰው ልጅ ውስጥ 360 መገጣጠሚያዎች እንዳሉና በየቀኑ በእያንዳንዱ ላይ ሶደቃ እንዳለበት አስተምረዋል። ከሶደቃዎቹ አንዱ ሰውን ወደ ከብቱ ጀርባ ደግፎ ማውጣት ነው። የዛሬዋ ከብት ባጃጅ ናት። ለጁሙዓ ስትመጡ ጎረቤት ያሉትን አዛውንት ደግፋችሁ አሳፍሩ፤ ሒሳቡንም ብትከፍሉ አይከፋም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ታማሚ ጾም የቀረቡ ጥያቄዎችን እናያለን ኢንሻአላህ።